ቀሪ የሌለው ሌሊት

ዳሪን ላይ ባሕሩ ሌሊት ወደ ኋላ ይሸሻል፣
ጀልባው በጎኑ ጭቃው ላይ ይተኛል፣
የኡም ፈዋዝ ሳል በየሰዓቱ ይመጣል።
እኔ በመድኃኒቷ መዝገብ ጀርባ
(ስንት ክኒን ዋጠች፣ ስኳሯ ስንት ገባ)
ቁጥሬን አካፍላለሁ፣ ሌሊቱ እስኪጠባ።

ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ አራት፣ ሰባት፣
ዜሮ፣ ስድስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤
ኢቃማዬ ላይ፣ ከፎቶዬ ሥር፣ አሥሩ ባንድ መንገድ።
በቢሮው መስኮት የሚጠሩኝ በእሷ ነው፤
ዘሃራ ይመር ማለት የጸሐፊውን ምላስ አሰረው።
ሁለት ቢሊዮን ከስምንት መቶ ሰባ አራት ሚሊዮን... እያልኩ ሳነበው
ሕዝብ ይመስለኛል፣ አንዱንም የማላውቀው።

ሐርቡ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ መምህር ጌታሰው ጠመኔ ይዘው
«ብቸኛ ቁጥር» አሉ፣ «ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው።»
ከኋላ ወንበር ሳቅን፤
ሰው መስሎን።
እዚህ መጥቼ ግን ቁጥሬን አየሁና ጠረጠርኩ፤
አንቺም ብቸኛ ነሽ? ብዬ ጠየቅኩ።

በሁለት? ጎዶሎ ናት፤ አይሆንም።
በሦስት? አሃዞቿን ደመርኩ፤ አርባ። አርባ ለሦስት አይከፈልም።
በአምስት? መጨረሻዋ አንድ ነው፤ አልደከምኩም።
በሰባት አራት ተረፈ፣ በአሥራ አንድ ሦስት፣
በአሥራ ሦስት ስድስት፣
በአሥራ ሰባት አሥራ አራት።
ሁልጊዜ ቀሪ አለ። እኔም ቀሪ ነኝ፤ ሐርቡ ትምህርት ቤት
ስሜ ተጠርቶ «የለችም» ከተባለበት ዕለት።

ዳግም ዘሯን ፈለግኩ፤ ጥያቄው እስከዚያ ነው፤
ሃምሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ስድስት፣ ጥቂትም የሚያልፈው።
ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር፣ ጓደኛው ከዚያ በታች ነው።
ብቸኞቹን በወንፊት ነፍቼ ለየሁ፣
በሌሊት አሥር አሥር ልጠይቅ ቆረጥኩ፤
ኮንትራቴ ሁለት ዓመት ነው፤ ይበቃል አልኩ።

አንድ ሌሊት ኡም ፈዋዝ ነቃች፤ መዝገቡን አይታ
«የማን ዕዳ ነው?» አለች፣ ከትራሷ ቀና ብላ ተነሥታ።
«ዕዳ አይደለም፣ ማማ፤ የሚከፍላት አጥታ።»
አባቷ ለሉል ይጠልቅ ነበር፣ አፍንጫውን በአጥንት ቆንጥጦ፣
ቅርጫት ሙሉ ዛጎል ይዞ የሚወጣ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ።
«ስንቱን ይከፍት ነበር መሰለሽ? መቶ፣ ባዶ። መቶ፣ ባዶ።
ባዶውን ግን አይረግምም፤ ቢላውን ይጠርግና
'ይሄም ታወቀ' ብሎ ይወረውረዋል ከጀልባው ማዶ።»

ሦስት መቶኛው ሌሊት። እርጥበቱ መስታወቱን አላበው፣
ማቀዝቀዣው ይንቃቃል፤
ሃያ ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ ዘጠኝ በተራው፣
ሦስት ሺህኛው።
ቀነስኩ። አወረድኩ። ቀነስኩ። አወረድኩ።
ዜሮ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መልሼ አባዛሁ፤
ራሷ ወጣች፣ አሥሩንም አሃዝ በተራ አየሁ።
ጓደኛው አንድ መቶ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው።
እሱስ ይሰነጠቅ ይሆን? አዲስ ገጽ ገለጥኩ፣
እርሳሱ ሳይነካው ቆምኩ፤
አፌን በእጄ ይዤ ሳቅኩ።
እናትን ያልከፈለ ልጅን በምን ይከፍላል?
ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ባዶ ዛጎል
ሳላውቀው ስለ እሱም መስክሯል።

ስለዚህ ብቸኛ አይደለችም፤ የሁለት ብቸኞች ናት።
ለማን ይነገራል ይሄ፣ በዚህ ሌሊት?
ሾፌሩን ኢቃማውን ልጠይቀው አሰብኩ፤
ምን ልትሠሪበት ቢለኝስ? ተውኩ።

«ተገኘ?» አለች ኡም ፈዋዝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
«ሁለት» አልኳት።
«ስንት ያወጣሉ?»
«ምንም።»
ጣቷን ዘረጋችልኝ፤ ወጋሁ፤ ስኳሯን ለካሁ።
አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።
በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ...
ብቸኛ።